ደብዳቤ ለልጄ፦ ጎተራ ሞልቶ የሚቀነጭር ልጅ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሞረትና ጅሩ መመደብሽን፣ ድርጅቱም በወረዳው ለዓመታት እንደሚቆይ የጻፍሽልኝን አነበብሁ። መቆየቱ ደግ ነው። የተራበን ሰው በአንድ ዙር እርዳታ ማትረፍ ይቻላል፤ መቀንጨር፣ ማለትም የልጅ ቁመት በምግብ ጉድለትና በሕመም ከዕድሜው በታች መቅረቱ፣ ግን ከእርግዝና ጀምሮ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ካልተከላከሉት ኋላ መመለሱ ከባድ ነው።

ጅሩ ጤፍና ስንዴ የሚታፈስበት፣ ሰንጋ የሚደለብበት አገር ስለሆነ «እዚህ ምን ረኃብ አለ?» የሚሉሽ ይኖራሉ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት በአገር ደረጃ 38 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የቀነጨረ ልጅ የታመመ አይመስልም፤ የጎረቤቱም ልጅ እኩል ስለሆነ ማጠሩን ማንም ልብ አይልም። የክንድ ዙሪያ የሚለካበት ባለ ቀለም ጥብጣብም አያሳይሽም። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነው ቀዩ የሚናገረው ስለ ዛሬው ክሳት ነው፤ ያን ልጅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ትልኪዋለሽ። አረንጓዴ ያሳየው ግን ቀንጭሮ ሊሆን ይችላል።

መቀንጨርን የሚለየው ቁመት ከዕድሜ ጋር ሲታይ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያለውን አስተኝተሽ ለኪው፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን፣ አንድ ሰው ጉልበቱን ይያዝ። እናቲቱ «ዓመት ሊሞላው ነው» ብትልሽ እንደዚያው አትመዝግቢ፤ የአንድና የሁለት ወር ስሕተት ውጤቱን ያበላሸዋል። ክርስትና የተነሣው መቼ እንደሆነ ጠይቂያት። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስለሚነሡ ወደ ኋላ ቆጥረሽ የልደቱን ቀን ታገኚዋለሽ።

ከሁሉ በላይ ግን ድስቱን እዪ። ስድስት ወር ለሞላው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ቀጭን አጥሚት ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሩብ ሊትር ገደማ ነው፤ ያ በውሃ ከተሞላ ልጁ ጠግቦ ይተኛል እንጂ አልበላም። ማንኪያውን አዘንብለሽ አሳያት፦ ገንፎው ከፈሰሰ ቀጥኗል፣ ተጣብቆ ከቀረ ልክ ነው። ዱቄቱ ሦስት እጅ ገብስ ወይም ስንዴ፣ አንድ እጅ ተቆልቶ የተከካ ባቄላ ወይም ሽንብራ ሆኖ አብሮ ይፈጭ። ለሽሮ የተዘጋጀው በርበሬ ስላለበት አይሆንም። እንቁላል ካለ ተመትቶ ገንፎው እሳት ላይ ሳለ ይግባ፤ ሲወርድ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ። እስከ ስምንት ወር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት አራት ጊዜ፣ ጡቱ ሳይቋረጥ። አባትየው እንቁላሉን ለገበያ ካለ ስለ ሰንጋው አንሺለት፤ ገለባ ብቻ በልቶ የደለበ በሬ አይቶ አያውቅም።

ጾም ሲገባ ሌላ ነገር ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለውን ልጅ ጹም አትልም፤ ችግሩ ዕቃው ነው። እናቲቱ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ድስቷን ቅቤ እንዲነካው አትፈልግም፤ እውነቷን ነው፣ አትሟገቻት። ለልጁ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ ይለይለት፣ ከሌላው ዕቃ ተለይቶ ይቀመጥ። ይህን አንቺ ከምትናገሪው የነፍስ አባቷ ቢናገሩት ይሰማልና ከቅበላ በፊት ከካህናቱ ጋር ተነጋገሪ።

ጓያ በልጅ ገንፎ ውስጥ አይግባ። እህል ሲያጥር ለሁለት ሦስት ወር ዋና ምግብ ከሆነ እግር ያሽመደምዳል፣ የተሽመደመደውም አይድንም። ዘፍዝፎ በብዙ ውሃ መቀቀልና ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ገንፎው ቢወፍርም ውሃው ከቆሸሸ ተቅማጥ ይወስደዋል። ካርልሄንዝ በም በ1974 ዓ.ም. ያቋቋመው ሰዎች ለሰዎች ድርጅት መርሐቤቴ ላይ ውሃውን፣ ጤናውን፣ ትምህርቱንና እርሻውን አንድ ላይ ይዞ ለዓመታት የሠራው ለዚህ ነው። ልጅ ሲያስቀምጠው አንድ ከረጢት ለምለም (ለተቅማጥ የሚሰጠው ንጥረ ነገር) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥበጥ፤ እንዲበቃ ብለው በሁለት ሊትር የሚያቀጥኑት አሉ፣ ተከታተዪ። ለተቅማጡ የሚሰጠው የዚንክ ክኒንም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ 10 ቀን ይሙላ።

የውሃ ጉድጓድ የእጅ ፓምፕ ደግሞ የሚሞተው ውስጡ ባለች ውሃ በምትይዝ ትንሽ ጎማ ነው። እጀታው ብዙ ጊዜ ከተመታ በኋላ ብቻ ውሃ የሚመጣ ከሆነ ጎማው አልቋል። ጎማው በየዓመቱ እንዲቀየር መለዋወጫው አስቀድሞ ተገዝቶ በውሃ ኮሚቴው እጅ ይቀመጥ፤ መፍቻውም እዚያው ይሁን። መዋጮውን በክረምት አትጠይቂ፣ ገበሬው እጁ ባዶ ነው። ጥር ላይ እህሉ ሲሸጥ ይሰብሰብ፤ ገንዘብ ያዥዋም ውሃ የምትቀዳ ሴት ትሁን፣ ፓምፑ ሲበላሽ ወንዝ የምትወርደው እሷ ናትና።

የመጀመሪያዎቹን የቁመት ልኬቶች ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ ዕድሜውን አብረን እናየዋለን።

እናትሽ
ከደብረ ብርሃን