ሌባው ሳይመጣ ፍርሃቱ ገብቷል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሞባይል ንጥቂያ በየጊዜው ትጽፋላችሁ፣ ጥሩ ነው። ስለ ፍርሃቱ ግን ማንም አይጽፍም። ፍርሃቱ ሌባ በሌለበትም ይኖራል።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። የብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ የተከፈተው ለውሃና ለመብራት ጉዳይ ነበር፤ አሁን ማታ ማታ የሚለጠፍበት የሌባ ቪዲዮ ሆኗል። በቅርቡ በሞተር የመጡ ልጆች የአንዲት ሴት ቦርሳ ነጥቀው ሲበሩ የሚያሳይ ቪዲዮ «ተጠንቀቁ፣ እኛ ሰፈር ነው» ተብሎ ተለቀቀ። የመኪኖቹን ታርጋ ልብ ብሎ ላየ አገሩም የእኛ አይደለም። ማን ያያል? በማግስቱ ልጅን ሱቅ መላክ ቀረ።

ትቨርስኪና ካነማን የሚባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን በ1973 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጽፈውታል፦ ሰው አንድ ነገር ምን ያህል እንደሚያጋጥም የሚገምተው ቆጥሮ ሳይሆን ምሳሌው ቶሎ ትዝ ሲለው ነው። ሲተኛ ሲነሳ ዝርፊያ የሚያይ ሰው ታዲያ ምን ይገምት!

ሌላው አለመተዋወቃችን ነው። ቤቱ በዕጣ የደረሰን ስለሆነ ከመርካቶም ከልደታም የመጣ ሰው አንድ ደረጃ እየወጣ ይወርዳል፣ ስም ግን አይጠያየቅም፤ ተከራዩ ደግሞ ኪራይ ሲጨመርበት ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። ድሮ ቀበሌ ቤት ሌባ አልነበረም እያልኩ አይደለም፣ ኧረ የተሰጣ ልብስ እንኳ ይሰረቅ ነበር። ግን «የእከሌ ልጅ ነው» ይባልና እናቱ ጋ ይኬዳል። አሁን ደረጃ ላይ የቆመ ወጣት ሁሉ ይጠረጠራል፣ ልጁ የወጣው ኔትወርክ ፍለጋ ሊሆን ይችላል እኮ።

በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አብዝተው የሚፈሩት ሴቶችና አረጋውያን ሲሆኑ፣ መንገድ ላይ ድብደባ በብዛት የሚደርሰው ወጣት ወንዶች ላይ ነው። ይህን ሰምቶ «ሴቶች ያካብዳሉ» የሚል አይጠፋም። ተሳስቷል። ከታክሲ ተራ እስከ በሯ በለከፋ የምትሸኝ ሴት ፖሊስ መዝገብ ላይ የለችም፤ የምትፈራው ነገር ግን አላት። አረጋዊም ተገፍተው ቢወድቁ እንደ ወጣት ተነስተው አቧራቸውን አራግፈው አይሄዱም።

እናንተም ብትሆኑ «ተዘረፈ» ስትሉ እንጂ «ተያዘ፣ ተፈረደበት» ስትሉ ብዙም አላነብም። እስቲ ተከታተሉት። ፖሊስም በየወረዳው ምን ያህል ወንጀል እንደተመዘገበ በየወሩ ይንገረን፣ ቢያንስ ከቴሌግራሙ ጋር የምናስተያየው ነገር ይኖረናል። የደረጃችንን የተቃጠለ አምፖል ማን ይግዛ የሚለውን ጭቅጭቅ ከኮሚቴያችን ጋር እኛው እንጨርሰዋለን።

አንድ ነዋሪ
ከአዲስ አበባ