ለደላላው አንድ ብር እንዳትሰጡ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን በስልክ እንጨርሰዋለን፣ አሁን ልቤ ስላልተረጋጋ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ትናንት የላክሁት ብር ለደም ግፊት መድኃኒትሽና ለጋሼ ሰርግ ነው። ሚሚን ዱባይ አስገባታለሁ ለሚለው ሰውዬ ከዚህ ብር አንዲት ሳንቲም እንዳትደርሰው። ጋሼ ይህን ሲያነብልሽ ሚሚም አጠገብሽ ቁጭ ብላ ትስማ።

የሚሚ የድምፅ መልእክት የደረሰኝ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። "የጽዳት ካምፓኒ ነው፣ የሰው ቤት አይደለም፤ አንቺስ ጽዳት አይደል የምትሠሪው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ጽዳት ነው የምሠራው፣ አላፍርበትም። አይሆንም የምለውም ሥራውን ስለማውቀው ነው። ጋሼ "እሷ ከወጣች በኋላ በሩን ልትዘጋብን ነው" ማለቱን ሰምቻለሁ። ከፍቶኛል። ስልክ ሳላነሳ የቆየሁትም ኮርቼ አይደለም፤ የሌሊት ፈረቃ ስለያዝኩ እናንተ ምሳ ስትበሉ እኔ እተኛለሁ። ለሚሚ የምሰስተው ገንዘብ የለኝም፣ እሱን እወቁልኝ።

አሁን ስሚኝ እማዬ። እዚህ እንግሊዝ አገር የጽዳት ሠራተኛን የሚያያት የለም። የቢሮው ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ እኛ እንገባለን፣ ጠዋት ሲመጡ ሄደናል። ትልቁ መሥሪያ ቤት ጽዳቱን ለአንድ ድርጅት ይሰጣል። ድርጅቱ ሰው ሲያንሰው ለሌላ ትንሽ ድርጅት ያስተላልፈዋል፣ ትንሹ ደግሞ ለሆነ ሰውዬ። መጨረሻ ላይ መወልወያውን የያዘችው ልጅ ቀጣሪዋ ማን እንደሆነ እንኳ አታውቅም። ሰው ሰውን ባሪያ የሚያደርገው በዚህ ቀዳዳ ገብቶ ነው።

አምና አንዲት ልጅ አብራን ትሠራ ነበር። ካገሯ ያመጣት ሰውዬ በመኪና ያደርሳታል፣ ስንጨርስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ስልክ የላትም። በእረፍት ሰዓት ሻይ ስሰጣት ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ደሞዝሽ ስንት ነው ብላት "እሱ ነው የሚያውቀው" አለችኝ። እኔ ያኔ ተቆጣጣሪ ሆኜ ስለነበር ለኃላፊዎቹ ነገርኩ። መዝገቡ ሲታይ የሷም የሌሎች ሦስት ሴቶችም ደሞዝ የሚገባው አንድ የባንክ ሂሳብ ውስጥ ነው። አድራሻቸው አንድ፣ ስልክ ቁጥራቸውም አንድ። ሰውየው "ለጉዞሽ ያወጣሁት ነው" እያለ ይወስድባታል። ዕዳው ደግሞ አያልቅም፤ የቤት ኪራይ፣ የምግብ፣ የመኪና እያለ ይቆልልባታል። ፓስፖርቷም እሱ ኪስ ውስጥ ነበር። ፖሊስ ገባበትና ወጣች። አሁን የራሷ የባንክ ካርድ አላት፣ አንዳንዴ ትደውልልኛለች።

ሚሚ፣ ደላላው "ቀሪውን ከደሞዝሽ ትከፍያለሽ" ያለሽ ይሄንኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ እኛ ጋ ብዙ ነገር ተቀየረ። የሠራተኞች የባንክ ሂሳብ በየወሩ ይታያል፣ ሁለት ሰው በአንድ ሂሳብ ከተከፈለው ይጠየቃል። አዲስ ሰው ሲቀጠር ፓስፖርቱ ታይቶ፣ ኮፒ ተደርጎ፣ እዚያው በእጁ ይመለስለታል። ያመጣው ሰው በሌለበት ለብቻው ይነጋገራል። ሥራውን ሳያስፈቅዱ ለሌላ ማስተላለፍም ቀርቷል። በደል የደረሰበት ሰው የሚደውልበት የእርዳታ ስልክ ቁጥር የተለጠፈው የት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሽንት ቤት ውስጥ፣ በሩ ጀርባ። እንደዚያች ልጅ ያለች ሴት ብቻዋን የምትሆነው እዚያ ብቻ ነዋ።

ሕግም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የዘመናዊ ባርነት ሕግ ነው። በዓመት 36 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚያስገባ ድርጅት፣ በራሱም ሆነ ዕቃ በሚያቀርቡለት ዘንድ ባርነት እንዳይኖር ምን እንዳደረገ በየዓመቱ ጽፎ ማውጣት አለበት፤ ዳይሬክተር ይፈርምበታል። የሚያናድደኝ ግን "ምንም አላደረግሁም" ብሎ ቢጽፍም ሕጉን አሟልቷል። ልጅቷን ያተረፋት መዝገቡን ከፍቶ አንድ በአንድ ያየው ሰው ነው፣ የተፈረመው ወረቀት አይደለም።

የማጠልቀው ጓንት እንኳ ጉድ አለው። የላስቲክ ጓንት በብዛት የሚመጣው ከማሌዥያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ የአንድ ትልቅ የማሌዥያ ፋብሪካ ጓንት አላስገባም ብላ ነበር። ከባንግላዴሽና ከኔፓል የሄዱት ሠራተኞች ሥራውን ለማግኘት ለደላላ ከፍለው በዕዳ የተያዙ ነበሩ። ፋብሪካው ለደላላ የከፈሉትን መልሶላቸው ነው በሚቀጥለው ዓመት እገዳው የተነሳለት። ታዲያ እኛ ሽንት ቤት የምናጸዳበት ጓንት ውስጥ የእነሱ ዕዳ አለ ማለት ነው። ሁሉም የሚጀምረው ሥራ ለማግኘት ገንዘብ ክፈል ሲባል ነው፤ ባንግላዴሽም ይሁን ጅማ።

በኛም አገር ሕጉ ግልጽ ነው። ለሥራ ውጭ አገር ስለሚሄዱ ሰዎች የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራ ፈቃዱንና የኢንሹራንሱን ወጪ አሠሪው ይቻል ይላል። ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራ፣ ለክትባት የሚወጣው ነው የሚሚ። ደላላው ለቪዛና ለትኬት ገንዘብ አምጡ ካለ ውሸቱን እዚያው ያዙት። "በቪዚት፣ በጉብኝት ቪዛ ትገባለች፣ እዚያ ይቀየርላታል" ማለቱ ደግሞ ይባስ ነው። በቪዚት ገብታ ከሠራች ጥፋተኛዋ እሷ ትሆናለች፤ በደል ሲደርስባት ፖሊስ ጋ መሄድ ትፈራለች። እሱም የሚፈልገው ፍርሃቷን ነው።

አያቴ ስለ ጥንቱ የጅማ ገበያ፣ ስለ ሂርማታ ስታወራ፣ ከቡናውና ከማሩ ጋር ሰው ይሸጥ ነበር ስትል ተረት ይመስለኝ ነበር። በ1934 በአዋጅ ተከልክሏል። እኛው ጅማ ላይ፣ እዚያው መርካቶ አጠገብ ተወልደን፣ ልጃችንን በገዛ ገንዘባችን አንሰጥም።

ሚሚዬ፣ ቅር እንዳይልሽ። መሄድ የግድ ከሆነብሽ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ፣ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል፣ በፀደቀ ውል ሂጂ፤ አልከለክልሽም። ቆይተሽ የጸጉር ሥራ ብትማሪ ግን ክፍያውን እኔ እችላለሁ፤ ቤት ለመከራየትም እናስብበታለን።

ጋሼ፣ ለሰርግህ አልመጣም። ወረቀቴ እየታደሰ ስለሆነ ካገር መውጣት አልችልም። ይህን ስጽፍ እንባዬ መጣ፣ ግን ደስታዬ ነው በለው። ሙሽራዋን በቪዲዮ አሳየኝ፤ ስታመጧት፣ እማዬ ስትቀበላት፣ ሁሉንም። ጥር ላይ ዝናብ ብዙም የለም እንጂ ቢዘንብም ደስ ይለኝ ነበር፤ ቆርቆሯችን ላይ የሚወርደውን ድምፅ ከሰማሁ ቆየሁ። ሌሊት የቢሮውን ቡና ማሽን ሳጸዳ የዱቄቱ ሽታ ያገኘኝና በቁሜ ጓሯችን እገባለሁ። እማዬ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ስትቆላ፣ ጎረቤት በአጥር ስትጣራ። ከዚያ ሰዓቱ ይሄዳል፣ ቀጣዩ ፎቅ አለ።

እማዬ፣ መድኃኒቱን ሲሻልሽ አታቋርጪው። የተሻለሽ ስለወሰድሽው ነው። ጨውም ቀንሺ፣ ለሰርጉ ብለሽ ሌሊቱን ሙሉ ወጥ ቤት አትቁሚ፤ ሴቶቹ ይሥሩ። ስለ እኔ አታስቢ፣ እበላለሁ፣ ቤቴም ይሞቃል።

ደላላው "ለቪዛ" ብሎ የወሰደውን የሚሚን ፓስፖርት ዛሬውኑ ተቀብላችሁ ቤት አስገቡት። ጋሼ ራሱ ይሂድ፣ እሷን ብቻዋን እንዳትልኳት። ሰውየው እምቢ ካለ ምንም ሳትከፍሉ ፖሊስ ጋ ሂዱ፤ ስታገኙት ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን አየዋለሁ።