ለማጁን ወደ ማሽኑ አስጠጉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ከቴክኒክና ሙያ የሚመጡ ልጆች ሥራ አይችሉም የሚል ምሬት አነበብኩ። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ አይችሉም። ግን የት ይልመዱት?

እኔ ፈትል ክፍል ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። በሪንግ ማሽን፣ ጥጡን አጥብቆ ክር በሚያደርገው ማሽን ላይ፣ የተበጠሰ ክር መቀጠል ሲያዩት ቀላል ነው። ስፒንድሉን፣ ማለትም የሚሽከረከረውን ዘንግ ማቆም፣ ክሩ በሚጠቀለልበት ቦቢን ላይ የጠፋውን የክር ጫፍ መፈለግ፣ ትራቨለር በምትባል ከጥፍር በምታንስ ብረት ማሳለፍ፣ ከዚያ ከፊት ሮለሩ ከሚወጣው ጥጥ ጋር ማገናኘት ነው። የለመደ እጅ በጥቂት ሰከንድ ይጨርሰዋል። ያልለመደ ወይ መልሶ ይበጥሰዋል፣ ወይ ያወፍረዋል። ያች ወፍራም ቦታ ደግሞ ሽመና ክፍል ደርሳ ጣጣ ታመጣለች። ይህን ከደብተር የተማረ ሰው እስካሁን አላየሁም። ሙቀቱ፣ ጩኸቱ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚገባው የጥጥ ብናኝም የሚለመደው እዚያው ነው።

የእህቴ ልጅ በልብስ ስፌት ነው የሠለጠነችው። ለልምምድ የተላከችበት ፋብሪካ (ስሙ ይቅር) ካለቀለት ሸሚዝ ላይ የተንጠለጠለ ክር ሲያስቆርጣት ከረመ። ኦቨርሎክ በሚባለው የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ ማሽን ላይ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠችም። ሲያልቅ ግን ልምምዷን በአጥጋቢ ሁኔታ እንዳጠናቀቀች የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጧት። ለሲኦሲ፣ ማለትም ለሙያ ብቃት ምዘና የተዘጋጀችው ሰፈራችን ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው፣ ያውም ከፍላ። ኮሌጅና ፋብሪካ በጋራ በሚሰጡት የትብብር ሥልጠና ደንብ እኮ 70 በመቶው ሥልጠና ፋብሪካ ውስጥ ነው መሆን የነበረበት!

ሱፐርቫይዘሩን አልወቅስም። እሱ የሚለካው በቀን ምርት ነው፣ ቦነሱም የሚታሰበው ከዚያው ነው። ለማጅ ማሽን ላይ ካስቀመጠ ምርቱ ይወርዳል፣ ኪሱ ይጎዳል። ስላስተማረ የሚከፈለው አምስት ሳንቲም የለም። ታዲያ መጥረጊያ ቢያስይዛቸው ምን ይገርማል?

ሕጉማ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የለማጅ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ይላል። የሥልጠናው ዓይነት፣ የሚቆይበት ጊዜና ክፍያው በውሉ ይገለጻል። አሠሪው ለማጁን ከሙያው ጋር በማይገናኝ ሥራ እንዳያሠማራም ይከለክላል። ከኮሌጅ የሚላኩት ልጆች ግን ብዙውን ጊዜ የሚሄዱት በአንዲት የትብብር ደብዳቤ ነው፤ ውል የሚባል ነገር አያውቁም።

ፋብሪካዎቹ «ብናሠለጥናቸውም ጥለውን ይሄዳሉ» ይላሉ። ይሄዳሉ፣ አዎ። በ2011 ዓ.ም. ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላይ በተሠራ ጥናት የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ ቀንሱና የሚተርፈውን እዩት። ሥልጠና ስለሰጡ አይደለም ሠራተኛ ያጡት። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከመላክ ዕድል ስትታገድ ብዙ ሠራተኛ ሥራውን አጣ። ኮሌታ ብቻ ሲሰፋ የኖረ ሰው ይዞ የሚወጣው ሙያ ኮሌታ ብቻ ነው።

እኔ የምለው ብዙ ወጪ የለውም። ከፈትል ማሽኖች የአንዱን አንድ ጎን፣ ከስፌት መስመር ሁለት ሦስት ማሽን ለለማጅ ይለዩ። የእነዚህ ምርት ከሱፐርቫይዘሩ ዕለታዊ ሪፖርት ውጭ ይሁን። ለሚያስተምረው ነባር ሠራተኛ በወር ትንሽ ጭማሪ ይከፈለው። ማህተሙን የሚመታውም የሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ ሳይሆን ልጁን ማሽን ላይ ያየው ሰው ይሁን።

እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ የፋብሪካ ኃላፊ ስታነጋግሩ፣ ስንት ለማጅ እንደተቀበሉ ብቻ አትጠይቁልን። «ለእነሱ ብላችሁ የለያችሁት ማሽን የትኛው ነው?» በሉልን፤ ከተቻለም ሄዳችሁ እዩት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የፈትል ሠራተኛ