ፍርግርጉን አዙሩልን

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ተክለሃይማኖት አካባቢ በብረት ብየዳ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሥራውን ከጀመርኩ 27 ዓመት ሆኖኛል። በወር አንድ እሑድ ከጓደኞቼ ጋር በብስክሌት ረጅም መንገድ እወጣለሁ። ብዕር ያስነሣኝ ባለፈው እሑድ በመንገድ ዳር የጎርፍ መውረጃ ፍርግርግ ምክንያት የደረሰብን ነገር ነው።

ከመስቀል አደባባይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ስንነሣ 14 ነበርን። መድረሻችን ቢሾፍቱ ነው፤ ደርሶ መልሱ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፈጣን መንገዱ ለብስክሌት ስለማይፈቀድ በጎተራ፣ በሳሪስና በቃሊቲ አድርገን በአሮጌው መንገድ ወረድን። ቃሊቲና አቃቂን በብስክሌት ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ተሳቢ በጎንህ ሲያልፍ ነፋሱ ብቻ ይገፋሃል። ስለዚህ አንድ በአንድ ተሰልፈን ነው የምንሄደው። የፊተኛው ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ወደ መሬት ይጠቁማል፣ የኋለኛው ከባድ መኪና ሲመጣ ይጮኻል። ዱከም ላይ ሻይ በዳቦ ቀመስን። አንድ ካላማዳሪ ፈነዳ፣ ቀየርን። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሆራ ሐይቅ ዳር ደረስን።

ከሁላችን ታናሽ የ19 ዓመት ልጅ ናት። ይህን ያህል ርቀት ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው። ሻዩ ላይ ስለ ቀድሞው ብስክሌተኛ ገረመው ደንቦባ አጫወትኳት፤ አገራችን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ብስክሌተኞችም አብረው እንደሄዱ አልሰማችም ነበር። እሷ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ ስለተወዳደረው ስለ ጽጋቡ ግርማይ ነገረችኝ። ስትናገር ዓይኗ ያበራ ነበር።

መመለሻው ከባድ ነው። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ሲሆን መስቀል አደባባይ ከ2,300 ይበልጣል፤ ያንን ሁሉ ከሰዓት በኋላ፣ በደከመ ጉልበት ነው የምንወጣው። ልጅቷ አንድም ቦታ ወርዳ አልገፋችም።

አሥር ሰዓት ላይ አደባባዩ ደርሰን ተሰነባበትን። ወደ ፒያሳ የምንወጣው አምስታችን በስታዲየም በኩል ወደ ለገሃር አቀናን። ከፊታችን የነበረ ሚኒባስ ታክሲ ሰው ሊያወርድ ወደ ቀኝ ጠጋ ሲል ልጅቷ የመንገዱን ጠርዝ ያዘች። የፊት ጎማዋ በጎርፍ መውረጃው ፍርግርግ ብረቶች መሐል ገብቶ ተቀረቀረ። ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም እሷ በመሪው ላይ አልፋ በእጇ መሬቱን ነካች፣ ከዚያ በጭንቅላቷ። ሄልሜቷ ተሰንጥቋል። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሯል። ከመሬት ያነሣልን ሊስትሮ ልጅ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ እኮ ሌላም ሰው ወድቋል» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ሜትር ይዤ ተመለስኩ። በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት 4 ሴንቲ ሜትር ነው። የልጅቷ ጎማ ስፋት 2.8 ነው። ብረቶቹ የተደረደሩት ደግሞ ብስክሌቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ብየዳውን ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ የታወቀ ባለሙያ የሠራው፣ ጠንካራ ሥራ ነው፣ አንዱም ብረት አይነቃነቅም። ጥፋቱ አቀማመጡ ላይ ብቻ ነው። እስከ ለገሃር እየቆጠርኩ ሄድኩ፤ ከ11 ፍርግርግ ሰባቱ እንደዚያው ሆነው አራቱ በመንገዱ አግድም ተቀምጠዋል። ሁሉም አራት ጎናቸው እኩል ነው። ማንሣት፣ ማዞር፣ መመለስ ነው፤ አዲስ የሚገዛ ነገር የለም። እኩል ጎን የሌላቸው ሌላ ቦታ ካሉም፣ በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ ባለ 10 ሚሊ ፌሮ አግድም ቢበየድባቸው ጎማ አይገባም፣ ውሃውም አይከለከልም።

በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር የተሠራላቸውን ጎዳናዎች እሄድባቸዋለሁ፤ ከልቤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ማንም ሰው ከቤቱ ተነሥቶ እዚያ መስመር ላይ እስኪደርስ፣ ከዚያም ወጥቶ ሥራው እስኪገባ የሚያልፈው እንዲህ ባለው ጠርዝ ነው። እኛ ያን ሁሉ ተሳቢ አልፈን ልጃችንን በሰላም ከተማ መሐል አድርሰናት ነበር።

ማክሰኞ ለማመልከት ሄጄ ነበር። የመጀመሪያው ቢሮ ጉዳዩ የሌላ ክፍል ነው አለኝ፤ ሁለተኛው ቢሮ ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። ለእናንተ የጻፍኩት ለዚህ ነው፤ የሚመለከተው አካል ያነበዋል ብዬ።

ሰባቱን ለማዞር ሁለት ሰውና አንድ ዲጂኖ ይበቃል። ፈቃድ ከተሰጠኝ እኔው ከልጆቼ ጋር መኪና በማይበዛበት በአንድ እሑድ ጠዋት እጨርሰዋለሁ፤ ክፍያ አልጠይቅም። የልጅቷ ብስክሌት ብየዳ ቤቴ ተሰቅሏል፤ የተጣመመውን ቸርኬ እየቀየርኩላት ነው። ጄሶው የሚፈታላት ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ፍርግርጎቹ ቢዞሩልን።

አንድ የብረት ሠራተኛ
ከተክለሃይማኖት፣ አዲስ አበባ