ይድረስ ለአባባ፦ ጥርስ የማይጠይቅ ሥጋ

ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጀሞ

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ ላይ እኔ እየጮህኩ እርስዎ «እሺ፣ እሺ» እያሉ ስለምንለያይ፣ የምነግርዎትን ጽፌ በትልቋ ልጄ እጅ ልኬዋለሁ። መነጽርዎን አድርገው በእርጋታ ያንብቡት።

እሷ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፤ ፊዚክስ ከበዳት እንጂ ሌላው ደህና ነው። ወንዱ በቁመት እኔን ሊያልፍ ትንሽ ቀርቶታል። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ «እንደ አባባ ሆንኩ» እያለች ለመጣው ሰው ሁሉ ታሳያለች። ስለ እነሱ ገና ብዙ የምጽፈው ነበረኝ፤ ግን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የመስቀል ዕለት አይቼዎታለሁ፣ አባባ። ጥብሱን በእንጀራ ሸፍነው ቀስ እያሉ ወደ ሳህኑ ጠርዝ ሲያስጠጉት አይቻለሁ። ቀበቶዎ ላይም በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ። ታች ቤት ያሉት እትዬ፣ ከሻይና ከዳቦ በቀር ሌላ ሲቀምሱ አላይም ብለውኛል። እንዳይቆጧቸው፤ እኔ ጠይቄያቸው ነው። አዲሱ ጥርስ ድድዎን እንደሚያቆስልዎት ለምን አልነገሩንም? ቁርጥ ይበሉ የነበሩ ሰው ጥብስ ማኘክ አቃተኝ ለማለት እንደሚከብድዎት ይገባኛል። ግን እንዲህ እየቀጠኑ ዝም ማለት አይሆንም።

ሠራተኛ አልቀጥርም ብለዋል፤ ጀሞ መጥተው ከእኛ ጋር ይኑሩ ስንልዎትም የአባዶን አየር ያነሣሉ። እሺ። እንግዲያው እኛ ሆቴል ሚትቦል የምንለውን፣ ከተፈጨ ሥጋ የሚሠራውን ድቡልቡል፣ ራስዎ እንዲሠሩት አድርጌ ልጻፍልዎት። በደንብ ከተሠራ በምላስና በላንቃ ብቻ ይፈርሳል። ከተበላሸ ግን እንደ ጎማ ይሆናል፣ ከጥብስም ይብሳል።

ነገ ዓርብ ስለሆነ ለቅዳሜ ጠዋት ያስቡት። ሉካንዳ ሲሄዱ የተፈጨ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሥጋ አይግዙ። ከተሰቀለው ላይ 400 ግራም ወርች ወይም ዳቢት፣ 100 ግራም ደግሞ ሻኛ ያስቆርጡና ፊት ለፊትዎ ያስፈጩ። ሽንጥ አያስፈልግም፣ ለሚፈጭ ሥጋ የሽንጥ ዋጋ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው። ከአምስት እጅ አንዱ ስብ መሆኑን ግን አይተዉት። ቀይ ሥጋ ብቻ ከሆነ እሳት ሲነካው ይኮማተራል፣ ውሃውን ጨምቆ ያወጣል፣ የሚያለሰልሰው ነገርም አይቀርለትም። በሻኛ ፈንታ ሞራ እንዳይሰጡዎት፤ ሞራ ወጡ በረድ ሲል ወዲያው ይረጋና ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ይለጠፋል። ሻኛ ካጡ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የረጋ ንጥር ቅቤ ይተካዋል። ለሌላ ሰው አንዴ ማስፈጨት ይበቃል፤ ለእርስዎ ድድ ግን ሁለቴ ይፈጭ።

የእኛ ሉካንዳ ሥጋ ሌሊት ታርዶ ጠዋት የሚሸጥ ስለሆነ ሞቅ እንዳለ ነው ቤት የሚደርሰው። አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ያሳርፉት። እንደሞቀ ከነኩት ስቡ በእጅዎ ይቀልጣል፤ ኋላ ወጡ ላይ ተንሳፎ ያገኙታል እንጂ ሥጋው ውስጥ አይቆይም።

አሁን ዋናው ነገር ዳቦው ነው። ብዙ ሰው ዳቦ የሚገባው ሥጋውን ለማብዛት ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ሥጋ ሲበስል ጭረቶቹ እርስ በርስ ተሳስበው ይጠብቃሉ፤ በወተት የራሰ ዳቦ በመካከላቸው ገብቶ እንዳይያያዙ ይከለክላቸዋል፣ ከሥጋው የሚወጣውንም ውሃ ይዞ ያስቀረዋል። ለግማሽ ኪሎ ሥጋ 60 ግራም ያህል የትናንት ፉርኖ፣ ቅርፊቱ ተልጦ ነጩ ብቻ። ቆራርሰው አንድ ሲኒ ወተት ያፍስሱበት፤ የቡናው ሲኒ 80 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚይዝ ልኩ ነው። አሥር ደቂቃ ይቆይና በሹካ ይድፈቁት። ለስላሳ ገንፎ መምሰል አለበት። ነጭ ጓል ከታየ ገና አልራሰም፤ ወተቱ ዳር ላይ ከተጠራቀመ ደግሞ በዝቷል፣ ያጥልሉት፤ ያለዚያ ድቡልቡሉ ድስት ውስጥ ይፈርሳል። ደረቅ የዳቦ ዱቄት ብቻ መነስነስ ግን ጭራሽ አይሆንም፤ የሥጋውን ውሃ ራሱ ጠጥቶ ያደርቀዋል።

አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በጣም ይክተፉና በአንድ ማንኪያ ዘይት ሳይቀላ እስኪለሰልስ ብቻ ያብስሉት። ጥሬውን ከጨመሩት ሲበስል ይኮማተርና በዙሪያው ስንጥቅ ይተዋል፤ ድቡልቡሉ ከዚያ ነው መፍረስ የሚጀምረው። ሳይቀዘቅዝ ሥጋው ላይ እንዳያደርጉት።

ከዚያ ዳቦውን፣ ሽንኩርቱን፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ ፍሬ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬና ቁንጥር ኮረሪማ አስቀድመው ለብቻቸው ያዋሕዱ። ሥጋው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ጨው ለሌላ ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ እጨምር ነበር፤ ለእርስዎ ግፊት ግን ግማሽ ማንኪያ፣ ከዚያ አይለፍ። ጨው ሥጋው ላይ ተነስንሶ ከቆየ ሥጋውን ያጣብቀዋል፣ እንደ ቋሊማ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ሊያድቦለብሉ ሲሉ ብቻ ይጨምሩት።

ሲያዋሕዱት አይሹት። እንደ ሊጥ አይጫኑት። ጣትዎን ዘርግተው ከሥር ወደ ላይ እያነሡ፣ ነጭ መስመር እስኪጠፋ ብቻ፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ ባለፈ ቁጥር ሥጋው እርስ በርሱ ይያያዝና ይጠነክራል። ይህን ቀላል እጅ ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶብኛል። እርስዎ «ይህን እጅ ያስተማርኩት ለብዕር ነበር» ያሉት እጅ ነው፣ አባባ።

አልጽፈውም ብዬ ነበር። የተመረቅኩ ዕለት ሳህኑ እንዳለ ሲመለስ እማዬ «ጾም መስሏቸው ነው» ብላ ሸፈነችልዎት። ሐሙስ ነበር። አባዶ ከገቡም በኋላ ለጎረቤት ሁሉ ልጄ ሆቴል ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው እንዳሏቸው አውቃለሁ፤ እትዬ በቅን ልብ «ሒሳብ ክፍል ነህ አይደል?» ብለው ሲጠይቁኝ አዎን አልኳቸው። ለሁለታችንም ስል ዋሸሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስንት ሺህ ሰው የበላውን እጄን እርስዎ አንድ ቀን አልቀመሱትም። አሁን መቅመስ ያለብዎት ስላልቻሉ መሆኑ ደስ አይለኝም። ይብሉልኝ እንጂ በምንም ይሁን።

ወደ ሥራው ልመለስ። ከማድቦልቦልዎ በፊት የሳንቲም ያህል ቆንጥረው ጠብሰው ጨውና ቅመሙን ይሞክሩ። ጥሬውን በልማድ እንዳይቀምሱ አደራ። በቁርጥ ጊዜ እንኳ ኮሶ ነበረ፤ የተፈጨ ሲሆን ደግሞ ላዩ ላይ የነበረው ጀርም ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። እጅዎን በቀዝቃዛ ውሃ እያራሱ እያንዳንዱን የትንሽ ሎሚ ያህል አድርገው አምስት ስድስት ጊዜ ብቻ ያሽከርክሩ። ከግማሽ ኪሎው ወደ 20 ይወጣል። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ይረፉ፤ ቅርጻቸውን የሚይዙት ያኔ ነው። ውሃ በተራ የሚመጣበት ቀን ከሆነ፣ የእጅና የመክተፊያ መታጠቢያ በጀሪካን አስቀድመው ይያዙ። ጥሬ ሥጋ በነካ እጅ እንጀራ መቁረስ የለም።

እንግዳ ሲመጣብኝ ድቡልቡሉን መጀመሪያ በዘይት አቀላዋለሁ፤ ለእርስዎ ግን አልፈልገውም። የተጠበሰው ቅርፊት ለጤነኛ ጥርስ ይጣፍጣል፣ የቆሰለ ድድ ግን ይቧጭራል። የቲማቲም ስጎም ይቅር፤ ኮምጣጣው ቁስሉን ያቃጥልዎታል። ስለዚህ በአልጫ እንሥራው። ሰፊውን የእማዬን ድስት ያውጡ፣ ክዳኑን በሽቦ ያሰሩለትን። ሦስት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በጣም ተከትፎ በትንሽ ውሃ ይሙክክ፣ ከዚያ ሦስት ማንኪያ ዘይት፣ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ። አንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ይጨምሩ፤ ቅልጥም ቀቅለው መረቁ ካለ ደግሞ እሱ ይበልጣል። ጨው አያስፈልገውም፣ ድቡልቡሉ ውስጥ ያለው ይበቃዋል።

መረቁ ፈልቶ ሲንተከተክ እሳቱን ይቀንሱና ዳር ዳሩ ላይ ብቻ እፍ እፍ ሲል አንድ በአንድ ይጣሏቸው፤ ሁሉም መረቁ ይድረሳቸው። በኃይል እየፈላ ከገቡ እየተጋጩ ይፈርሳሉ፣ ያልፈረሱትም ይደርቃሉ። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ማማሰያ አያስገቡ፤ ድስቱን በሁለት እጅ ይዘው ዞር ዞር ያድርጉት እንጂ። ክዳኑን ገርበብ ያድርጉና 25 ደቂቃ ይቆዩ። የውጭ መጽሐፍ ላይ 15 ደቂቃ የሚል ቢያዩ አይመኑት፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ስለሆነ እንደ ባሕር ዳርቻ አገር ቶሎ አይበስልም። በኩሽና ቴርሞሜትር መሐሉ 71 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል፤ እርስዎ ግን ትልቁን ከሁለት ይክፈሉት፣ መሐሉ ቀይ ካልሆነና የሚወጣው ውሃ ጠርቶ ከሆነ በቂ ነው። እሳቱን አጥፍተው አሥር ደቂቃ ይተዉት፤ የወጣውን መረቅ መልሶ የሚጠጣው ያኔ ነው። ይህን አሥር ደቂቃ እንዳይቆርጡብኝ።

በአንድ ጊዜ አራቱን ይብሉ። አራቱ ውስጥ 100 ግራም ሥጋ አለ፤ ከሥጋው ብቻ ወደ 17 ግራም ፕሮቲን ያገኛሉ፤ ዳቦ በሻይ ይህን አይሰጥዎትም። በመረቁ እንጀራ ፈትፍተው፣ ድቡልቡሉን በላዩ ፍርፍር አድርገው ሲበሉት ማኘክ አይኖርበትም። የተረፈውን በሁለት ቀን ውስጥ ይጨርሱት። ጥሬውን ማስቀመጥ ከፈለጉ ደግሞ በትሪ ላይ ሳይነካካ ፍሪዘር ውስጥ ከደረቀ በኋላ በፌስታል ይሰብስቡት። መብራት ሲጠፋ በሩን አይክፈቱ፤ ሙሉ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሹ የሞላ 24 ሰዓት ይይዛል። ከታች ያለው ፍሪጅ ግን ከአራት ሰዓት በኋላ አይታመንም። የቀለጠውን መልሰው አያግግሩት፣ ያብስሉት።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ስለ ዘንድሮው ጾም የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ፤ እኔ እንዲህ ያድርጉ አልልም፣ ግን ቀበቶዎን ያሳዩአቸው።

ማክሰኞ ዕረፍቴ ነው። ቅዳሜ ካልተሳካልዎት ሥጋውን እኔው ይዤ እመጣለሁ፤ ከተሳካልዎትም እመጣለሁ። በዚያ ድስት አብረን እንሠራዋለን፤ እርስዎ ያድቦልብሉ፣ እኔ እሳቱን እይዛለሁ። እትዬንም ይጥሯቸው፤ ደግ ሴት ናቸው፣ ብቻቸውን ናቸው። በልተው ማን ሠራው ካሉ ግን እኔ አልመልስላቸውም። እርስዎ ይንገሯቸው።

ባለቤቴና ልጆቹ ጉልበትዎን ይስማሉ።

ልጅዎ

ማስታወሻ፦ ጥርሱን ማታ ሲያወልቁት ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ ያሳድሩት፤ የፈላ ውሃ ያጣምመዋል። የሚያቆስለውን ቦታ የሠራው ሐኪም በትንሹ ሞርዶ ያስተካክለዋል፣ ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ በሞረድም በሚስማርም ራስዎ እንዳይነኩት።