ማህፀኔ በየት በኩል እንደተቀደደ ለምን አይጻፍልኝም?

ውድ አዘጋጅ፣

ሁለቱንም ልጆቼን የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው። አሁን ሦስተኛዬን አርግዣለሁ። በምጥ መውለድ እችል እንደሆነ ስጠይቅ ሐኪሙ መጀመሪያ ያለኝ "ማህፀንሽ የተቀደደው በአግድም ነው በቁም?" ነበር። እኔ በምን አውቃለሁ! የሆዴ ጠባሳ አግድም ነው፣ እሱ ግን የውስጡን አያሳይም፤ የመውጫ ወረቀቴም "በኦፕራሲዮን ወለደች" ከማለት በቀር ምንም አይልም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከታች በአግድም አንዴ ተቀደው ምጥ ከሚሞክሩ 100 እናቶች ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት ይሳካላቸዋል፣ ማህፀን የመተርተሩ አደጋም ከ100 አንድ አይሞላም። ከሁለት ኦፕራሲዮን በኋላ አደጋው ከፍ ቢልም በሩ አይዘጋም። በቁም የተቀደደች ግን ምጥ እንድትሞክር አይመከርም። የሚሞከረውም ኦፕራሲዮንና ደም ባለበት ሆስፒታል እንጂ ቤት ውስጥ አይደለም።

ሐኪሞቻችን፣ እባካችሁ ስታስወጡን ይህችን አንድ መስመር ጻፉልን።

የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ