«የባሰ አታምጣ» ብሎ መምረጥ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

ባለፈው እሑድ እዚህ አሜሪካ ስላለው የፕሬዚዳንት ምርጫ ሳነሳብሽ «እማዬ፣ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል? ዘንድሮ አልሄድም» ካልሽኝ ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። ተረቱን የሰማሽው ከእኔ አፍ ነውና መልሱንም እኔው ልጽፍልሽ ይገባል።

መታከትሽን አልነቅፍም። አንድ ፓርቲ በየአራት ዓመቱ «ያኛው ይብሳል» ከማለት ሌላ የሚያቀርበው ሲያጣ፣ ሰው አንድ ሁለት ጊዜ «የባሰ አታምጣ» እያለ ይወጣል፤ ከዚያ ፍርሃቱንም ይለምደዋል። የፈረንሳዮችን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጽንፈኛ ቀኝ ክንፉ ዣን ማሪ ለ ፔን ለፕሬዚዳንት ምርጫው ሁለተኛ ዙር ሲያልፉ፣ የቀኝ ክንፉን ዣክ ሺራክን ከቶ የማይወዱ የግራ ክንፍ ሰዎች ሳይቀሩ ወጥተው መረጧቸው፤ በመጀመሪያው ዙር 28 በመቶ ገደማ የነበረው ከምርጫ ቀሪ ወደ 20 በመቶ ወረደ፣ ሺራክም 82 በመቶ አገኙ። በ2017 ልጃቸው ማሪን ለ ፔን ከኢማኑኤል ማክሮን ጋር ሲፋጠጡ ግን ከቤቱ የቀረው ሰው ከመጀመሪያው ዙር በለጠ፤ ከሄዱትም ከ4 ሚሊዮን የሚበልጡት ባዶ ወይም የማይቆጠር ወረቀት ሣጥን ውስጥ ከተቱ። በ2022ም እንደዚሁ በሁለተኛው ዙር የቀረው በዛ። አዲስ አበባ ውስጥ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አንቺን አዝዬ ለምርጫ ስሰለፍ፣ ከንጋት ጀምሮ የቆመው ሕዝብ እስከ ማታ ያልተበተነው የሚፈልገው ነገር ስለነበረው ነው። ፍርሃት ብቻውን እንደዚያ አያቆምም።

ይሁን እንጂ የድምፅ መስጫው ወረቀት ከላይ ባሉት ሁለት ስሞች አያበቃም። እዚሁ ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 በኒውፖርት ኒውስ አካባቢ ለክልሉ ምክር ቤት የተወዳደሩት ዴሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስና ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። በድጋሚ ቆጠራው ሳይመንድስ በአንድ ድምፅ አሸንፈው ነበር፤ በማግስቱ ግን ዳኞች አንዲት አከራካሪ ወረቀት መረመሩ። መራጩ ሁለቱንም ክቦች አጥቁሮ፣ በሳይመንድስ በኩል አንድ ጭረት ጨምሮበታል። ዳኞቹ ጭረቱን እንደ ስረዛ ወስደው ለያንሲ ቆጠሩለትና እኩል ሆኑ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 የሁለቱ ስም በፎቶ ፊልም መያዣዎች ተደርጎ ከጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ዕጣ ወጣ፤ ለያንሲም ደረሳቸው፤ ሪፐብሊካኖችም ምክር ቤቱን 51 ለ49 እንደያዙ ቀጠሉ። ያን ዕለት «ሁለቱም ያው ናቸው» ብሎ ከቤቱ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ቢሄድ ኖሮ ሳህኑ ባላስፈለገ ነበር።

የባሰውን መከላከል ክፉውን ማጽደቅ ነው የሚለውን ክርክርሽን አልቀበለውም፤ ግን ምርጫሽ እዚያ ብቻ ከቆመ እውነትሽን ነው፣ ይሰለቻል። የሚበጀውን እጩ የምታገኚው አብዛኛው ሰው በማይሄድበት፣ ፓርቲዎች እጩዎቻቸውን በሚለዩበት ቅድመ ምርጫ፣ በፕራይመሪው ነው፤ እዚሁ ቨርጂኒያ አርሊንግተን ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 ዴሞክራቶች ለካውንቲ ቦርድ (ለአካባቢው አስተዳደር ጉባኤ) እጩዎቻቸውን በፕራይመሪ ሲለዩ፣ መራጩ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጥ ተደርጎ ነበር። እንዲህ ሲሆን የልብሽን ሰው አስቀድመሽ፣ የሚሻለውን ከሥሩ ታደርጊያለሽ። ለፕሬዚዳንት የሚሆን ካጣሽ እሱን መስመር ባዶ ተዪው፤ ቅር ይለኛል፣ አልቆጣሽም። የትምህርት ቦርዱንና የከተማውን ምክር ቤት ወንበር ግን ሞልተሽ ውጪ።

ወደ ሪችመንድ ከተዛወርሽ ወዲህ በመራጮች መዝገብ አድራሻሽን አስለውጠሽ እንደሆነ ንገሪኝ። ካላስለወጥሽ ቅዳሜ ስትመጪ መንጃ ፈቃድሽን ይዘሽ ነዪ፤ አብረን እንሞላዋለን።

እናትሽ